ከዲቫይዝስ እስከ ባዝ፦ የማይቆራረጥ ኔትወርክ ፍለጋ በጀልባ

ጋሼና እትዬ ለንደን ለብዙ ዓመት ኖረዋል። ጋሼ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። እትዬ ደግሞ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የሠሩት። ጡረታ ሲወጡ የለንደን ኪራይ አልቀመስ አላቸው። ልጆቻቸውን አማክረው ጀልባ ገዙና ኑሯቸውን ውሃ ላይ አደረጉ።

እንግሊዝ አገር እንዲህ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ያልተከራየ ጀልባ ግን ሕጉ አንድ ሰፈር ላይ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆም አይፈቅድለትም። ስለዚህ የጋሼ ቤት ሁልጊዜ መንገደኛ ነው። ዛሬ ጥሩ ኔትወርክ ያለበት መንደር ያድራሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ይገኛሉ። እንደ ቤት መስመር ማስገባትም አይቻልም።

እኔ በስልክና በቪዲዮ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ ሆስፒታል ነው፣ ታካሚዋ ፊቱ ተቀምጣለች፣ እኔ ከቤቴ ሆኜ በመሀላቸው አማርኛና እንግሊዝኛ አመላልሳለሁ። መስመር ከተቋረጠ አንዲት እናት ስለ ልጇ የተነገራትን ግማሹን ብቻ ይዛ ትቀራለች። ስለ ኢንተርኔት አጥብቄ የማስበው ለዚህ ነው።

እትዬ ደውለው፣ «ነይና ኔትወርኩን አስተካክይልን፤ በዚያውም ጃንሆይ የነበሩበትን ባዝን እናሳይሽ» ሲሉኝ ሥራዬን ይዤ ሄድኩ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን በፈረንጅ።

ሰኞ፦ ዲቫይዝስ

ጀልባዋ የታሰረችባት የዲቫይዝስ ከተማ ባቡር ጣቢያ የላትም። የነበራት በ1966 ተዘግቷል። ከፓዲንግተን በባቡር ቺፕናም ወረድኩና በአውቶቡስ ቀጠልኩ። አውቶቡሱ 3 ፓውንድ ነው። በእንግሊዝ የአንድ ጉዞ የአውቶቡስ ዋጋ ላይ ጣሪያ ስለተደረገበት ነው እንጂ መንገዱ ቅርብ አይደለም። ባቡሩ ግን ኪስ ይጎዳል፤ ቀደም ብሎ ያልገዛ ሰው ብዙ እጥፍ ይከፍላል።

ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሱ ዕቃው ይበዛ ነበር። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ራውተር (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ የሚያከፋፍል ሳጥን)፣ የጣሪያ አንቴና፣ አጭር ገመድ። ከላይ ደግሞ እትዬ ያዘዙኝ እንጀራ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ። እዚያ አካባቢ የአበሻ ሱቅ የለም።

ጀልባዋ ናሮውቦት ከሚባሉት ናት። ርዝመቷ 17 ሜትር ይሆናል፣ ወርዷ ግን ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከፊት ሳሎን አለ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት፣ ቀጥሎ ሻወር፣ ከኋላ መኝታ። ለእኔ የተዘጋጀልኝ ሳሎን ያለው ጠረጴዛ ነው። ማታ ጠረጴዛው ዝቅ ይልና አልጋ ይሆናል። እትዬ በነጭ ነጠላ አልብሰው ጠብቀውኛል።

«እንደምን ከረምሽ ልጄ? ቤታችን ጠባብ ናት፣ ልባችን ግን ሰፊ ነው» አሉኝ ጋሼ።

ሻይ ሳንጠጣ ችግሩን አሳዩኝ። እስከዚያ ቀን የሚጠቀሙት የእትዬን ስልክ ነበር። ስልኩን መስኮት ላይ ያቆሙትና ከእሱ ዋይፋይ ያወጣሉ። ጀልባዋ ስትዞር ወይም ጎን ለጎን ሌላ ጀልባ ሲታሰር መስመሩ ይጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀልባዋ ብረት ናት። ግድግዳውም ጣሪያውም ብረት ነው። የስልክ ሞገድ ብረት አያልፍም፣ በመስኮት ብቻ ነው የሚገባው። ስልኬን ይዤ ደጅ ወጥቼ ሞከርኩት፣ ሞልቷል። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ስገባ ወደ አንድ መስመር ወረደ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንቴናውን ከብረቱ ውጭ ማውጣት ነው። አንቴናው መቀመጫው ማግኔት አለው፣ ጣሪያው ላይ ቆንጥጦ ይይዛል። ገመዱን በጣሪያው የአየር መውጫ አስገባነው፤ ጋሼ ጀልባቸው እንድትበሳ ስላልፈለጉ። ራውተሩን ወዲያው ከስሩ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልነው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ሞገዱ መንገድ ላይ ይደክማል። ከአንቴናው እስከ ራውተሩ 2 ሜትር ገመድ በቂ ነው። ከራውተሩ በኋላ ያለውን ዋይፋዩ ይሸፍነዋል።

መብራቱን ደግሞ ከጀልባዋ ባትሪ በቀጥታ፣ በ12 ቮልት ሰጠነው። ብዙ ሰው ባለ 230 ቮልቱን ሶኬት ይጠቀማል። ለዚያ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 230 የሚቀይረው ኢንቨርተር ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ማደር አለበት። እሱ ራሱ ባትሪ ይበላል።

አሁን ወደ ሲም ካርዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። እንግሊዝ አገር የስልክ ማማ የሚያቆሙት አራት ስሞች ናቸው፦ ኢኢ፣ ኦቱ፣ ቮዳፎንና ስሪ። የተቀሩት ርካሽ ስሞች ሁሉ ከነዚህ በአንዱ ላይ ተከራይተው የሚሠሩ ናቸው። ሁለት የተለያየ ስም ያለው ሲም ገዝተሽ ሁለቱም አንድ ኔትወርክ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ ኢኢና ስሪ ብዙ ማማ ይጋራሉ፣ ኦቱና ቮዳፎንም እንዲሁ። ቮዳፎንና ስሪ በ2025 አንድ ኩባንያ ሆነዋል። እኛ ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ወሰድን። አንዱ ማማ ሲጠፋ ሌላው ከሌላ ኮረብታ እንዲመጣ ነው ሐሳቡ። ገደብ የሌለው ዳታ ለአንዱ በወር 20 ፓውንድ ገደማ ነው። ለሁለተኛው የተገደበ፣ ረከስ ያለ ጥቅል በቂ ነበር።

ማታ አዲስ አበባ ያለው የልጅ ልጃቸው በቪዲዮ ደወለ። ምስሉ አልቆመም። ጋሼ ስልኩን ይዘው ከሳሎን እስከ መኝታው ድረስ እየሄዱ ጀልባዋን አስጎበኙት። ከዚያ በፊት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እንጂ ተነስተው አውርተው አያውቁም ነበር።

ማክሰኞ፦ ኬን ሂል

የምንጓዝበት ኬኔትና ኤቨን ካናል (ለጀልባ የተሠራ የውሃ መንገድ) ከሬዲንግ እስከ ብሪስቶል 140 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሠራው መሐንዲስ ጆን ሬኒ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1810 ነው፣ መጨረሻ የተጠናቀቀውም ይሄው የኬን ሂል ቁልቁለት ነው። ባቡር ሲመጣ ካናሉ ሥራ ፈትቶ ፈራረሰ። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ቆፍረው አድነውት በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መልሰው ከፍተውታል።

ጀልባ ቁልቁለት አይወርድም። ስለዚህ ሎክ የሚባል አለ። በሁለት ትላልቅ በሮች መሀል ያለ የግንብ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ታች ይለቀቃል፣ ጀልባው አብሮ ይወርዳል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ኬን ሂል ላይ እንዲህ ያለ 29 ሎክ አለ። በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 72 ሜትር ይወርዳል። መሀል ላይ ያሉት 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደርድረዋል። ከላይ ቆሜ ሳየው ላሊበላን ያየሁ ቀን የተሰማኝ መገረም ተሰማኝ። በእጅና በአካፋ ነው የተሠራው።

በጠዋት ጀመርን። ቢጫ ሕይወት አድን ጃኬት የለበሱ በጎ ፈቃደኞች በሩን ያግዛሉ። ክፍያ የላቸውም። ክፍሉ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ስለሚይዝ ውሃ ለመቆጠብ ከሌላ ጀልባ ጋር ነው የሚወረደው። ከእኛ ጋር የወረዱት እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየው ከጀልባዋ ሆና የሒሳብ ሥራ ትሠራለች። ጣሪያቸው ላይ ትንሿ የስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ሰሌዳ ተቀምጣለች።

በየበሩ ስንጠብቅ ስለ ሰሌዳዋ ጠየቅኋቸው። ሳተላይቶቹ በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ ድምፅ አይዘገይም። የድሮው ዓይነት ሳተላይት ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ያለው፣ በእሱ ስናወራ እየተጠባበቅን ነው። ለእኔ ሥራ ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። አስተርጓሚ ግማሽ ሰከንድ ሲዘገይ ሐኪሙ መናገር ይጀምራል፣ ሁለታችንም እንጋጫለን። የስታርሊንክ ችግር ሁለት ነው አሉኝ። መብራት ይበላል፤ ትንሿም ብትሆን ከራውተሬ ሦስትና አራት እጥፍ ትጠጣለች። ሌላው ዛፍ ነው። ሰማይ ካላየች አትሠራም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ካናሉን ዳርና ዳር የያዘው ዛፍ ቅጠሉ ሞልቷል።

እኔም በየሎኩ አንድ ነገር እመዘግብ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ጀልባዋን 2 ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ያደርጋታል። ስንወርድ አንቴናው ከግንቡ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሲም ይዳከምና ራውተሩ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ኢንተርኔቱ አይጠፋም። ነገር ግን በዚያች ቅያሪ የተጀመረ የቪዲዮ ጥሪ ይቆማል። ለለንደን የሥራ ባልደረባዬ ደውዬ ስሞክር ድምፄ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ እንደገና ገባ። መረጃ ለሚያነብ ሰው ምንም አይደለም። ሐኪም «ቀዶ ጥገናው የሚያስከትለው» ብሎ ሲጀምር ግን ጥቂት ሰከንድ ብዙ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ሁለቱን መስመር አንድ ላይ የሚያጣምር አገልግሎት ነው። ንግግሩ በሁለቱም ሲም ይሄዳል፣ ወዲያ ማዶ ያለ ሰርቨር ያገናኘዋል። አንዱ ሲም ቢሞት ሌላኛው መንገድ ላይ ስለሆነ ጥሪው አይሰማውም። በወር ክፍያ አለው። ለጋሼ አያስፈልጋቸውም፣ ለእኔ ለሥራዬ ወር ከፍዬ ከፈትኩት።

እስከ ታች ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው። እትዬ ከታችኛው ሎክ ሳር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ሽሮና የጎመን ወጥ አቀረቡ። እንግሊዞቹን ጋበዟቸው። ባልየው እንጀራውን እንደ ማንኪያ ለመያዝ ሲታገል እትዬ ጠቅልለው አጎረሱት። ሁላችንም ደክሞን ነበር፣ ክንዴ በማግስቱም አልተንቀሳቀሰም።

ረቡዕ፦ ሲንድና ሴሚንግተን

ገና ጎሕ ሳይቀድ ጋሼ ቀሰቀሱኝ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፈውን የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲከታተሉ ዋይፋዩ ጠፋ። ራውተሩ መብራቱ የለም። የባትሪውን መለኪያ ሳየው ከ12 ቮልት በታች ወርዷል። ፍሪጁ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጨርሶታል። ባትሪዎቹም አርጅተዋል።

እትዬ ከመኝታው ሆነው፣ «እዚህም መብራት ይሄዳል እንዴ?» አሉ።

አገር ቤት መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ይጨልማል፣ ማንም ምንም አያደርግም። እዚህ መብራት ኃይሉ ራስሽ ነሽ። ጀልባ ላይ ኢንተርኔት ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። ጋሼ ሞተሩን አስነሱ። ሌሎች ጀልባዎች አጠገብ ታስሮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው፤ ደግነቱ ብቻችንን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፍሪጁን ዝቅ ማድረግ ጀመርን። ጣሪያ ላይ ያለችው የፀሐይ ሰሌዳም አቧራና የወፍ ኩስ ሸፍኗት ነበር። ስናጥባት የሚገባው ኃይል ወዲያው ጨመረ።

ቀኑ በጉዞ አለቀ። ሲንድ ላይ አምስት ሎክ፣ ሴሚንግተን ላይ ሁለት። ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ በካናሉ ዳር መንገድ ላይ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ይቀድሙናል። አንድ የሚዞር ድልድይ ተጣብቆ አልከፈት አለ። የገበሬ ትራክተር ነጂ ወርዶ በትከሻው ገፋልን።

ከዚያ በኋላ አንድ የአኻያ ቅርንጫፍ አንቴናውን ከጣሪያው ላይ ገርስሶ ጣለው። ማግኔቱ ለቀቀ፣ ገመዱ ብቻ ይዞት ተንጠለጠለ። ጋሼ ሞተሩን ወደ ኋላ አዙረው አቆሙ፣ እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ አነሳሁት። ምንም አልሆነም። የጣሪያው መያዣ ብረት ላይ በገመድ አሰርነው። ረጅም ምሰሶ ላይ አንቴና የሚሰቅል ሰው አለ፣ ከፍታው በእርግጥ ይጠቅማል። በካናል ለሚሄድ ግን ድልድዩ ዝቅተኛ ነው፣ ዛፉም ብዙ ነው። ታስሮ ሲቆም ብቻ የሚነሳ ምሰሶ ካልሆነ አይመከርም።

ሐሙስ፦ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን

ለዚህች ቀን ነው ሁሉ ዝግጅት የተደረገው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ።

ማደሪያችንን የመረጥነው ከሁለት ቀን በፊት ነው። የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም የአገሪቱን ኔትወርክ የሚያሳይ ካርታ አለው። የፖስታ ቁጥር ሲገባበት አራቱ ኔትወርኮች ቤት ውስጥና ደጅ እንዴት እንደሆኑ ይናገራል። ካናሉን ተከትዬ የየመንደሩን አየሁ። ከብራድፎርድ በኋላ ካናሉ ወደ ጠባብ ሸለቆ ይገባል። ካርታውም ከዚያ ወዲያ ኔትወርኩ እየደከመ እንደሚሄድ ያሳያል። ስለዚህ ቀጠሮዬ እስኪያልቅ ከብራድፎርድ እንዳንነቃነቅ ጋሼን ለመንኳቸው። ጋሼ «ሥራሽ ከጉዞው ይበልጣል» ብለው ተስማሙ።

ጠዋት ሁለቱንም ሲም ለየብቻ ለካሁ። ብዙ ሰው የማውረጃውን ፍጥነት አይቶ ይረካል። ለጥሪ የሚያስፈልገው የመስቀያው ነው፣ ድምፄና ፊቴ የሚሄደው በእሱ ነውና። ለጥሩ የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ ጥቂት ሜጋቢት ይበቃል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነማ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ፍጥነት አይደለም የሚቸግረው፣ መዋዠቅ ነው። 50 ሜጋቢት ሆኖ በየደቂቃው የሚደናቀፍ መስመር 5 ሜጋቢት ሆኖ ከሚረጋ መስመር የባሰ ነው። የመጀመሪያው ሲም ፈጣን ነበር፣ ግን ይዋዥቅ ነበር። ሁለተኛው ቀርፋፋ፣ የረጋ። ሁለቱንም ለማጣመሪያው አገልግሎት ተውኩት።

ሌላ ያልተጻፈ ነገር አለ። እኔ የምሰማው የሰው ምስጢር ነው። ጀልባ ውስጥ በር ቢዘጋም ቀጭን እንጨት ነው። እትዬ ገና ሳልጠይቃቸው ነጠላቸውን አነሱና፣ «እኛ ጎተራውን አይተን እንመጣለን» አሉ። በካናሉ ዳር ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የቆመ ትልቅ የእህል ጎተራ አለ፣ የሻፍትስበሪ ገዳም አሥራት ይሰበሰብበት የነበረ። እሱን ለማየት ሄዱ። ወንበሬን የመኝታው ክፍል ውስጥ አስገባሁ፣ ከኋላዬ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። ስልኬን ከራውተሩ ውጭ በራሱ ሲም አዘጋጅቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ቪዲዮው ቢሞት ወዲያው በስልክ እንድደውል ቁጥሩን ከፍቼ።

ስለ ጥሪው የምናገረው የለም። አንዲት እናት ነበረች፣ ረጅም ነበር፣ ከባድ ቃላት ነበሩት። መሀል ላይ ሌላ ጀልባ አጠገባችን አለፈ፣ ጀልባችን ተወዛወዘች፣ የራውተሩ መዝገብ በኋላ እንዳሳየኝ አንደኛው ሲም ሁለት ጊዜ ወድቋል። ጥሪው ላይ ምንም አልታየም። እናትየዋ በመጨረሻ «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል» አለች። ይህን ቃል ለመስማት ነው ይህ ሁሉ ሽቦ።

ከዚያ ጋሼና እትዬ ሲመለሱ የብራድፎርድን ዋና መንገድ ተያያዝነው። ከተማዋ ድንጋይዋ የማር ቀለም ያለው፣ ቁልቁለቷ የሚያደክም ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በካናሉ ዳር ጥቁር ሻይ ጠጣን፤ አንዱ 2 ፓውንድ ተኩል። እትዬ ዋጋውን በብር እያሰሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ በጋዝ ምድጃቸው ላይ በጀበና ቡና አፈሉ። እጣን ግን የለም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል።

ዓርብ፦ ሊምፕሊ ስቶክ

ከብራድፎርድ እስከ ባዝ ድረስ አንድም ሎክ የለም። ካናሉ በገደሉ ወገብ ላይ ይጠማዘዛል። ሥሩ የኤቨን ወንዝ ነው፣ ከወንዙ አጠገብ የባቡር ሐዲድ። ኤቨንክሊፍ ላይ ካናሉ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ወንዙን ይሻገራል። ጀልባዋ ላይ ሆኖ ወደ ታች ባቡር ሲያልፍ ማየት ጉድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሲሞች ጠፉ። ሸለቆው ጠባብ ነው፣ ሁለቱም ወገን ደን ነው። ማማዎቹ ከኮረብታው ጀርባ ናቸው። ጣሪያ ላይ ያለ አንቴናም ቢሆን የሌለውን አያመጣም። ይህን ለጋሼ በግልጽ ነገርኳቸው።

አንድ የሚሞከር ነገር ግን ነበር። ኔትወርኮች በተለያየ ሞገድ ይሠራሉ። 800 ሜጋኸርዙ ሩቅ ይሄዳል፣ ቅጠልና ግድግዳም ይሻለዋል። 1800ው እና 2600ው ብዙ መረጃ ይሸከማሉ፣ ግን ቶሎ ይደክማሉ። ራውተሩ በራሱ ሲመርጥ አንዳንዴ ትልቁን ፍለጋ ይዋትታል። 800 ላይ ብቻ እንዲቆይ አሰርኩት። ቀስ ያለች መስመር መጣች። ለቪዲዮ አትበቃም። ለድምፅና ለመልእክት በቃች። ጋሼ ልጃቸው «ደርሳችኋል?» ብላ የላከችውን አነበቡ።

ኬን ሂል ላይ አብረውን የወረዱት ባልና ሚስት ዛፍ ሥር ታስረው አገኘናቸው። ሴትየዋ ጭንቅ ላይ ነበረች፤ የስታርሊንኳ ሰሌዳ በየደቂቃው ትቋረጣለች። እትዬ «አብረሽን ነይ» አሏት። ባልየው ጀልባቸውን ነዳ፣ እሷ ከእኛ ጋር ኮምፒውተሯን ይዛ ተሳፈረች። ዳንዳስ ስንደርስ ሰማዩ ተከፈተ።

ዳንዳስ ካናሉ ኤቨንን ለሁለተኛ ጊዜ የሚሻገርበት ድልድይ ነው። 137 ሜትር ርዝመት አለው፣ በ1805 ነው የተከፈተው፣ የካናል ኩባንያው የመጀመሪያ ሊቀ መንበር በነበሩት በቻርልስ ዳንዳስ ስም ይጠራል። መሀሉ ላይ ስንደርስ ሁለቱም ሲሞች ነቁ። ከገደሉ ስለወጣን ነው። ሴትየዋ ሥራዋን እዚያው ላከች። ድልድዩ ላይ መታሰር አይፈቀድም፤ ከማዶው ትንሽ አለፍ ብለን፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ፈልገን አሰርን። ቦታ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ይህ ሰፈር በጀልባ ነዋሪ የተጨናነቀ ነው፣ ብዙው ቦታም ከ48 ሰዓት በላይ አያሳድርም።

ቅዳሜ፦ ባዝ

በክላቨርተንና በባዛምፕተን አድርገን ከባዝ በላይ፣ ከሎኮቹ ከመውረዳችን በፊት ታሰርን። እዚህ ኔትወርኩ በሙሉ መስመር ነው የሚያሳየው። ማታ ግን ቪዲዮ አልከፍት አለ። ጋሼ ግራ ገባቸው፤ «ሞልቶ የለም እንዴ?»

ስልኩ ላይ የሚታየው የመስመሩ ብዛት የሚያሳየው ማማው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ነው። ማማው ላይ ስንት ሰው እንዳለ አያሳይም። ቅዳሜ ማታ፣ ነሐሴ፣ ባዝ። ከተማዋ በጎብኚ ተሞልታለች፣ ሁሉም ፎቶ ይልካል። ዓርብ ሸለቆው ውስጥ ያዳነን 800 ሜጋኸርዝ እዚህ በጣም የተጨናነቀው ነው። እሱን ፈትቼ ወደ ትልቁ ሞገድ ሳዞረው ወዲያው ተለቀቀ። ለጋሼ የት የትኛውን እንደሚጫኑ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ «ሸለቆ» እና «ከተማ» ብዬ። ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፉት።

እሑድ፦ ፌርፊልድ

ከማዕከሉ በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ፌርፊልድ ቤት ኮረብታ ላይ ነው። ጃንሆይ በ1936 አገራቸው ሲወረር ተሰደው መጥተው እስከ 1940 የኖሩበት ነው። በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተዋል። ጋሼ ከመግባታቸው በፊት ኮፍያቸውን አወለቁ። እትዬ አትክልቱ ቦታ ላይ ቆመው በለሆሳስ ጸለዩ። ንጉሥም ቢሆን ሰው ነው፣ ብርዱን፣ ብቸኝነቱን፣ ከአገር የሚመጣ ወሬ መጠበቁን አሰብኩት። ጋሼ «ያኔ አንድ ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?» አሉ።

ከዚያ ለልጅ ልጃቸው በቪዲዮ ደውለው ቤቱን አሳዩት። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጃንሆይ ውሻ ነበራቸው ወይ? ጋሼ እንደነበራቸው ነገሩት፣ ስለ ውሻቸው ስለ ሉሉም እስኪጠግብ አወሩለት።

ወጪውን ለሚጠይቅ፦ ራውተሩ ከ200 ፓውንድ ትንሽ በላይ፣ አንቴናው 100 ገደማ፣ ሁለቱ ሲሞች በወር 30 ገደማ። የማጣመሪያው አገልግሎት ከዚህ ውጭ ነው፣ ለሥራ ብቻ። ስታርሊንክን ጋሼ ለጊዜው ትተውታል። በወር 50 ፓውንድ ገደማ ከመሆኑም በላይ ያረጁት ባትሪዎች አይችሉትም። መጀመሪያ ባትሪውን እንቀይር፣ የእንግሊዝን ክረምት በእነዚህ ሲሞች እንየው ተባብለናል። ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ ረግፎ ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይሻላል። ፀሐይዋ ግን ትደክማለች፣ ሰሌዳዋም ብዙም አታመጣም። ስለዚህ በየቀኑ ሞተር ማስነሳት የግድ ነው።

እኔ ከባዝ በባቡር ተመለስኩ። እነሱ የሚቀጥሉት ወደ መጡበት፣ ወደ ምሥራቅ ነው። እንግሊዛዊቷ ጎረቤት ሁለተኛ ሲም ልትጨምር ወስና ጋሼን የትኞቹ ኔትወርኮች ማማ እንደሚጋሩ ስትጠይቃቸው ነበር የተለየኋቸው። ጋሼም በጣታቸው እየቆጠሩ ያስረዷት ነበር።